ከሴባስቶፖል ወደ ሴባስቶፖል

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ቀጠሯችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከሴባስቶፖል ሥር ነበር። የአዲስ አበባ ሰው በታክሲ ሲያልፍ በመስኮት የሚያያት፣ ወርዶ የሚያያት ግን እምብዛም የሆነች ያቺ የመድፍ አምሳያ። እኔ ቀድሜ ደረስኩ። አንድ ዘበኛ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መጣና "ማንን ነው የምትጠብቀው?" አለኝ። "ጓደኞቼን" አልኩት። "ምን ይመስላሉ? ሲመጡ ልንገርህ" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ምን እንደሚመስሉ አላውቅማ!

ሦስት ዓመት ተኩል አብረን ተዋግተናል። ጨዋታው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ነው። የቆየ ጌም ስለሆነ እድሜ ጠገብ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። በ2008 ዓ.ም. "ኢትዮጵያውያን" የሚባል ወገን ተጨመረበት። ቀስተኞቻቸው ከሌላው ቀስተኛ ፈጥነው ይወረውራሉ፣ ሾተል የያዘ እግረኛ አላቸው፣ ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ወታደሩን ስትነካው በአማርኛ ይመልስልሃል። ያንን ልንሰማ ገብተን ነው የተገናኘነው። ቅዳሜ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ነታንያና ሲልቨር ስፕሪንግ ዲስኮርድ በሚባለው የኢንተርኔት መነጋገሪያ ላይ አንድ ቤት ይሆናሉ። ካሜራ ከፍተን አናውቅም፤ ኢንተርኔቱ ለድምፅም ሲበቃ አይደል።

በስም አንጠራራም፤ ማዕረግ አለን። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የጭነት መኪና ነጂ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚገባና ቀድሞ ስለሚሞት ፊታውራሪ ነው። ነታንያ ያለችው ነርስ በሕፃንነቷ ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄደች ናት። እኛ እህልና ወርቅ ሲያልቅብን የምትልክልን እሷ ናት፤ እቴጌ እንላታለን። እኔ ግራ አዝማች ነኝ። ባሕር ዳር ያለው ሴባስቶፖል ነው። ስሙ የወጣለት በሁለት ምክንያት ነው፦ አንደኛ፣ ጌሙ ላይ የከበባ መሣሪያ ሳይሠራ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ጌሙን እስኪከፍት ሌሎቻችን ቡና አፍልተን እንጠጣለን። ማይኩም የተሰበረ ነው፤ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመጣው።

ፊታውራሪና እቴጌ በተለያየ ታክሲ መጥተው በድምፃቸው ተዋወቅን። "አንተ ግራ አዝማች፣ ይሄን ያህል ረጅም ነህ እንዴ?" አለችኝ። ተቃቀፍን፣ ተሳሳቅን። ከዚያ ነጠላውን ያጣፋ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ በእጁ ፌስታል የያዘ ሰው ከመድፏ ጀርባ ብቅ አለና "ልጆች፣ እናንተ ናችሁ?" አለን።

57 ዓመቱ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ የልጅ ልጅ እንኳ አለው። ሦስታችንም ሳንማከር ቀጥ ብለን ቆምን። ፊታውራሪ ሻንጣውን መሬት ላይ ጣለና በሁለት እጁ ጨበጣቸው። እቴጌ ጎንበስ አለች። እኔ ያለፈውን ቅዳሜ አሰብኩ፦ "አንተ ደንቆሮ፣ በሩን ዝጋ!" ብያቸው ነበር። በማይክ፣ ሰው እየሰማ።

"ይግቡ፣ ከፊት ይቀመጡ" አልኳቸው። ፊታቸው ቅር አለው። "ጌሙ ላይ ስትሰድቡኝ ደህና ነበራችሁ" ብለው ገቡ።

ሹፌራችን ተጫዋቾች መሆናችንን ቢሮው ነግሮት ኖሮ "የየት ክለብ ናችሁ?" ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ "ባለፈው ሳምንት ግንቡን ያቃጠልነው" "አንተ አይደለህ ያስፈጀኸን" የሚል ወሬ ሲሰማ በመስታወቱ ደጋግሞ ያየን ነበር። ወደ ሸኖ ስንቃረብ ስለ ሰገሌ ተነሳ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ይዘውት የመጡት ጦር የተሸነፈው በዚህ አገር ነው። ፊታውራሪ መንገዱን በሙሉ ቀኝና ግራ ክንፍ እያለ በእጁ አየሩ ላይ ሳለው። እኔና እቴጌ እንቃወማለን፤ ሴባስቶፖል ዝም ብለዋል። አስተማሪ ፊት እንደተቀመጠ ተማሪ ሆንን። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለመና ፊታውራሪ "ሴባስቶፖል፣ አለህ?" ብሎ ጮኸ፤ በልማድ ነው። ብርሃን ስናገኝ "ይቅርታ፣ አሉ?" አለ። ከዚያ ቁልቁል ደብረ ሲና፣ ሸዋሮቢት፣ ከሚሴ። ሙቀት። ቆሎ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ደሴ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሁዳዴ ስለሆነ በየዓይነቱ ቀረበ። ጾሙ ለእቴጌም ተመቻት፤ የሥጋው ነገር ስለማያስጨንቃት ከሁላችን በላይ በላች። ግን ማዕዱ ላይ ጨዋታ የለም። "ይብሉ"፣ "በልተናል"፣ "ይጨመርልዎ"፣ "ይበቃኛል"። ለዚህ ነው 400 ኪሎ ሜትር የመጣነው? ለዚህ ነው አንዷ ባሕር ተሻግራ፣ አንዱ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው?

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

ጌሙ ላይ መብራት ሄደ ማለት አንድ ሰው ጎደለ ማለት ነው። እዚህ ግን ማንም አልጎደለም፤ አራት ድምፅ በጨለማ ውስጥ ቀረ። ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ ፊታውራሪ "እንግዲህ ማን ቆረጠው?" አለ። ከወዲያ ማዶ "አንተ ነሃ፣ የአሜሪካ ባትሪህን ልትሞላ ሶኬት ስትነካካ" የሚል ድምፅ መጣ። የሴባስቶፖል ነው። ፊታውራሪም ሳያስበው "ተወኝ ባክህ! አንተ መጀመሪያ ላፕቶፕህን ለሙዚየም ስጥ" ብሎ መለሰ። ተጀመረ! ያቺ ቅዳሜ የተሸነፍንባት ጦርነት ተነሳች፤ ማን በር እንዳልዘጋ፣ ማን እህል እንደደበቀ። እቴጌ "የላክሁልህን ወርቅ ምን አደረግኸው?" እያለች ሰውየውን እንደ ሌባ ስትመረምር አስተናጋጇ ሻማ ይዛ መጣች። ሻማው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የሸበተው ፀጉር እንደገና ታየ። እቴጌ "ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ" አለች። ሴባስቶፖል ጎንበስ ብለው ሻማውን እፍ አሉት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

ጧት አይጠየፍን አየን። ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ያሠሩት አዳራሽ ነው፤ ድሃ ሀብታም ሳይባል ሁሉም የሚበላበት ስለሆነ አይጠየፍ ተባለ። እድሜ ተጭኖታል፤ የጣሪያው ስፋት ግን አሁንም ያስደነግጣል። እቴጌ መሬቱን በእርምጃ እየለካች በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚበላ አሰላች። ለእሷ ጦርነት ማለት ወጥ ቤት ነው፤ ቀሪው ዝርዝር ነው።

ደሴ ሌላም ታሪክ አላት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲደበድቧት ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ከመትረየስ ጀርባ የተነሱት ፎቶ በዓለም ዞሯል። ሆስፒታልም ተመቷል። ፊታውራሪ ያንን ፎቶ ለዲስኮርድ ምስሉ አድርጎ ለሁለት ዓመት ይዞታል፤ የተነሳበትን ከተማ ሲያይ ግን አንዲት ቃል አልተናገረም። ጥሩ ነው፤ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ በአጅባር በኩል ወደ ተንታ። ከደሴ ሲወጡ ደጋው ብርዳም ነው፤ ገብስ፣ በግ፣ ጉም። መንገዱ ጠጠር ሲሆን ጎማችን ፈነዳ። ሹፌሩ ሲቀይር እኛ ቆመን ምክር እንሰጣለን። "እናንተ ጦር ሜዳም እንዲህ ነው የምትዋጉት?" አለን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5

ተንታ። ደብዳቤ ማጻፍ፣ መሪ መፈለግ፣ በቅሎ መከራየት። ሴባስቶፖል በቅሎ አልፈልግም አሉ። የጋሼ ነገር እንደገና ተመልሷል፤ ቀን ቀን "እርስዎ"፣ ሲመሽ "አንተ" ሆነናል። ማታ ከ3 ሰዓት ላይ ሁላችንም ሰዓታችንን አየን። የጌማችን ሰዓት ነበረ። እቴጌ ሰንበት ስለወጣ ስልኳን ከፈተች፤ ኔትወርክ የለም። እሷ ከነታንያ ይዛው በመጣችው ዳቦ ቆሎ አራት ከተማ ጠረጴዛው ላይ ሠርተን እስከ 5 ሰዓት ተዋጋን። ፊታውራሪ ጦሩን በላው።

እሁድ፣ ሚያዝያ 6

አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ቀኑን መርጠን ነው የመጣነው። ዘንድሮ ኒቆዲሞስ ላይ ዋለ፤ ያን ጊዜ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነበር። ሽጉጡ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው ስጦታ መሆኑን ስንቱ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ዳገቱን ስትወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

ገና ሳይነጋ ተነሳን። ከሩቅ ቅዳሴ ይሰማል። መሪያችን ባለ ምንሽር ጎበዝ ገበሬ ነው፤ ሲራመድ አይተነፍስም። ፊታውራሪ እንደ ልማዱ ቀድሞ ሮጠ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። "ሞትክ?" አለችው እቴጌ። "ሞትኩ። ቀጥሉ" አለ።

ሴባስቶፖል ግን የእውነት ደከሙ። በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ። ነጠላውን ወገባቸው ላይ አሰሩት፣ ዱላ ተቆረጠላቸው፣ በመጨረሻ ዱላውም አልጠቀመም። መሪው በቅሎዋን ለማምጣት ሲነሳ "ተው" አሉት። ወደኛ ዞረው "እሷን እዚህ ያወጧት ሰዎች በቅሎ ነበራቸው?" አሉ።

ሴባስቶፖል መድፏን ማለታቸው ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቴዎፊሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን ሠሪዎች ለንጉሡ አቅልጠው ያወጧት፣ ወደ 7 ቶን የምትመዝን። ተራራ ተቆርጦ፣ ድንጋይ ተፈንቅሎ፣ መንገድ እየተሠራላት በ500 ሰው ጉልበት እየተጎተተች ለወራት ተጓዘች። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። እኔ እነዚያን 500 ሰዎች ዛሬ ነው ያሰብኳቸው፤ ጌም ላይ መድፍ አንድ ሰው ሳይነካው በራሱ ጎማ ይሄዳል።

"ግፉ እንጂ!" አሉን። እኔ ከኋላ ጀርባቸውን ደገፍኩ፣ ፊታውራሪ ከፊት በነጠላው ጎተተ፣ እቴጌ ጫማቸውንና ፌስታላቸውን ያዘች። በየመታጠፊያው "ግፉ!" ይላሉ፤ እኛ "ሆ!" እንላለን። መሪው መጀመሪያ ተደናገጠ፤ ኋላ እሱም "ሆ" አለ።

አፋፉ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ፊታችንን መታው። እኛ ከደቡብ ነው የመጣነው፤ እንግሊዞቹ ከሰሜን። በስተሰሜን በሽሎ ጥልቅ ገደል ሠርቶ ይሄዳል፤ ማዶ የደላንታ ሜዳ አለ። መሪው በዱላው ፈላን፣ ስላሴን፣ ታች ደግሞ አሮጌን አሳየን።

እዚያ ቆመን ለአንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። አሮጌ ላይ ጦርነቱ የሆነው ሚያዝያ 3 ነው፤ ስቅለት። ከላይ ሆነው ሲያዩ የእንግሊዝ ጭነት የያዙ በቅሎዎች አጃቢ የሌላቸው መስለው ሸለቆውን ይወጣሉ። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ፊታውራሪያችን ይህን ሲሰማ አንገቱን ነቀነቀ፤ ጌም ላይ አጃቢ የሌለው የነጋዴ ጋሪ ካየ አንድም ቀን አልፎት አያውቅም። "እኔም እወርድ ነበር" አለ። ማንም "እናውቃለን" አላለውም። ከበቅሎዎቹ ጋር የባሕር ኃይሉ ሮኬት ነበረ፤ ከኋላም በአፈ ሙዙ ሳይሆን በቂጡ የሚጎርሰውን ስናይደር ጠመንጃ የያዘ እግረኛ። በደቂቃ እስከ 10 ጥይት ይተኩሳል። የእኛዎቹ አንድ ጊዜ ተኩሰው ባሩድ ለመጠቅጠቅ ይቆማሉ፤ ዝናብም ጣለ። ወደ 700 ሰው ሞተ፣ ከ1,000 በላይ ቆሰለ። ገብርዬም እዚያው ቀሩ። ከእንግሊዝ ወገን 20 ያህል ቆስለው ሁለቱ ሞቱ። ይህንን ቁጥር ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ታች ያለውን ሜዳ እያዩ ሲሉት ግን አፍ ላይ ይከብዳል።

እቴጌ በራሷ መንገድ ነው የምታየው። "ቴዎድሮስን ያሸነፈው ስናይደር አይደለም" አለች። "ዙላ ላይ ወደብ ሠሩ፣ የባሕር ውኃ አጣርተው አጠጡ፣ ባቡር ዘረጉ፣ 44 ዝሆን ከሕንድ አመጡ፣ ለገበሬው በማርያ ትሬዛ ብር እየከፈሉ እህል ገዙ። 13,000 ወታደር ሳይራብ 600 ኪሎ ሜትር ገባ። ንጉሡ ደግሞ ከገበሬው ጋር ተጣልተው ነበር። እህል የሌለው ንጉሥ ምን ያደርጋል?" ፊታውራሪ ሊቃወም ፈለገ፤ አቃተው። እኔ በሐሳቧ እስማማለሁ፤ ግን ለፋሲካ ለእንግሊዞቹ ጦር አዛዥ ለናፒየር 1,000 ከብትና 500 በግ የላኩት እኚሁ እህል የሌላቸው ንጉሥ መሆናቸውን አስታወስኳት። "እሱ ነው የሚያሳዝነኝ" አለች። ከዚያ የተዘረፈው ነገር ተነሳ፦ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ ሙሉ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ባለፈው ወር ለንደን ያለ የጦር ሙዚየም የንጉሡን ቁንዳላ መለሰ። ቁራጭ ፀጉር፣ ከ151 ዓመት በኋላ።

ከዚያ ወደ እሷ ሄድን።

ሴባስቶፖል ወፍራም፣ አጭር፣ ጠይም አረንጓዴ ናት። አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ ያለችው አምሳያ ከሩቅ ትልቅ ትመስላለች፤ ይቺ ደግሞ ሲጠጓት ነው የምትከብደው። እጄን ሳስቀምጥበት ነሐሱ በፀሐይ ሞቋል፤ ከንፈሯ ላይ በሰው እጅ ብዛት የለሰለሰ ቦታ አለ። ጦርነት ላይ አንድም ቀን አልተተኮሰችም።

መምህሩ ፌስታላቸውን ከእቴጌ ተቀበሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ምን እንደያዘ ስንገምት ነበር። ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ወጣ። በስንዝራቸው የአፏን ወርድ ለኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በጣት። ጻፉ። ዞረው ቁመቷን ለኩ፤ ጻፉ። ውፍረቷን በነጠላቸው ጠምጥመው ነጠላውን ለኩ። "ስንት ሆነ?" ስንላቸው ደብተሩን ከደኑ። "የቤት ሥራ ነው። ድንጋዩ ስንት ኪሎ እንደሚሆን፣ እስከ የት እንደሚደርስ ቅዳሜ ታመጣላችሁ።"

በዚህ ጊዜ ፊታውራሪ ጭንቅላቱን ከነትከሻው አፏ ውስጥ አስገባና ጮኸ። "ማን አለ?" ብሎ ነው የጮኸው። የወጣው ድምፅ ግን ከጉድጓድ የመጣ፣ የተሰነጠቀ፣ ሩቅ ሆነ።

እኔና እቴጌ ተያየን። በአንድ አፍ "ያንተ ማይክ!" አልን።

ሴባስቶፖል ሣቁ። ቁጢጥ ብለው እስኪያስላቸው ሣቁ። ተነስተው ፊታውራሪን በቀበቶው ጎትተው አወጡትና እሳቸው ገቡ፤ ከመድፏ ሆድ "በሩን ዝጋ፣ አንተ ደንቆሮ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ለኔ ነው። ቃል በቃል ይዞታል። ከዚያች ሰዓት በኋላ ማንም "እርስዎ" ያለው የለም፤ ቁልቁል ስንወርድ መሪው "ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠራል?" ብሎ ተቆጣን። ሴባስቶፖል "ተዋቸው፤ ሳሳድጋቸው ነው የተበላሹት" አለው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7 እና ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8

መንገድ። እቴጌ ዓርብ ማታ የአይሁድ ፋሲካ ስለሚገባባት መቸኮል ነበረብን፤ ቤቷን ከእርሾ ማጽዳት አለባት። በመኪናው ወንበር ሥር የቀረውን ዳቦ ቆሎ ሹፌሩ እንዲወስደው ለመነችው። ሹፌሩ አዲስ አበባ ሲያወርደን "ሊጉ መቼ ነው የሚጀምረው?" አለን። "ቅዳሜ" አልነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26

ዳግም ትንሣኤ ነገ ነው። ሁለት ቅዳሜ ሳንጫወት አለፈ፤ አንዱ በበዓሉ፣ አንዱ በኢንተርኔቱ። ዛሬ 3 ሰዓት ሲሆን ፊታውራሪ ገብቷል፣ እቴጌ ገብታለች፣ እኔ አለሁ። አራተኛው ስም አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መስመር ከግማሽ ትንሽ አልፋ ቆማለች። እቴጌ ቡና አፈላች፤ ከማይኳ ረከቦቱ ላይ የሲኒው መንኳኳት ይሰማል። የቤት ሥራውን ማንም አልሠራም፤ ፊታውራሪ መልሱን ከእኔ ሊገለብጥ ለምኖ ነበር።

"አንተ ሴባስቶፖል! የት ደረስክ?" አልኩ።

ከጉድጓዱ ውስጥ "ግፉ እንጂ!" አለን።